ትልቅ ጎማ ካስገቡ በኋላ ንፋሱ ስንት ይሁን?

ፒክአፕዎ ላይ ከፋብሪካው የሚበልጥ ጎማ አስገቡ። ከዚያ ወዲህ ትንሿ ጉድጓድ ሁሉ ወገብዎ ላይ ትሰማለች፣ ዝናብ ሲሆን ኋላው ይንሸራተታል። መዳፍዎን ጎማው ላይ አግድም ያሳልፉ። ጥርሱ መሃል ለመሃል ከተበላ ንፋሱ በዝቷል።

እኔም ደርሶብኛል። የሃይሉክሴን 265/65 ባለ 17 ጎማ አውልቄ፣ ሰፋና ከፍ የሚለውን 285/70 ባለ 10 ፕላይ (ፕላይ የጎማው የጥንካሬ ደረጃ ነው) ሳስገባ፣ ጎሚስታው የጎማው ጎን ላይ 80 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) የሚለውን አይቶ 65 ሞላልኝ። 80 ግን ጣራው ነው። ጎማው የመጨረሻውን ጭነቱን፣ 1,450 ኪሎ፣ ሲሸከም የሚፈልገው ንፋስ ነው። አራቱ ሲደመሩ 5,800 ኪሎ ይሆናሉ። ባዶ ሃይሉክስ ደግሞ 2 ቶን ገደማ ቢመዝን ነው።

ታዲያ በሾፌሩ በር በኩል የተለጠፈውን ቁጥር ልሙላ? እሱም አይሆንም። የተጻፈው ለድሮው ጎማ ነው። ኤልቲ (ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ) የሚል ጽሑፍ ያለበት ወፍራም ጎማ ያንኑ ጭነት ለመሸከም ከድሮው የበለጠ ንፋስ ይፈልጋል።

መፍትሄው ከሚዛን ይጀምራል። መኪናውን እንደሚጭኑት ጭነው የፊቱንና የኋላውን ለየብቻ ያስመዝኑ፣ ለሁለት ያካፍሉ። ከዚያ የጎማው አምራች በሚያወጣው የጭነት ሰንጠረዥ ላይ ያንን ኪሎ ከነትርፉ የሚሸከመውን ንፋስ ይፈልጉ። ከዚያ በታች በፍጹም አይውረዱ። ቀጥሎ በጠመኔ ጥርሱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ወፍራም መስመር ያስምሩ። ሜዳ አስፋልት ላይ መቶ፣ ሁለት መቶ ሜትር ቀጥ ብለው ይንዱና ወርደው ይዩ። መሃሉ ብቻ ከጠፋ 2 ወይም 3 ይቀንሱ፣ ዳርና ዳሩ ብቻ ከጠፋ ይጨምሩ። የእኔ ባዶውን 40 ላይ ረጋ፣ ሲጫን ኋላውን 50 አደርገዋለሁ። የእርስዎ ግን በራስዎ ሚዛን ይወሰን።

ዳርና ዳሩ ከተበላ፣ ረጅም መንገድ ሄደው ሲቆሙም የጎማው ጎን እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ንፋሱ አንሷል። የሚያስፈራኝ ይኼኛው ነው። ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፣ ከነጭነቱ ቁልቁለት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ጠዋት ሳይነዱ ይለኩ፣ አንድ ሰዓት ከነዱ በኋላ ይድገሙት። ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ መጨመሩ ጤናማ ነው። ከዚያ ካለፈ ጎማው ሲቀዘቅዝ ይጨምሩ። ቁጥሩ ከፍ አለ ብለው የጋለ ጎማ እንዳያስተነፍሱ፣ አደራ!

የተበላው በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የንፋስ አይደለም፣ አላይመንት ያሠሩ።

የደረሱበትን ቁጥር፣ የባዶውንና የጭነቱን ለየብቻ፣ ጽፈው በሩ ላይ ከድሮው ጎን ይለጥፉት። ጎሚስታው «ስንት ልሙላ?» ሲል ያሳዩታል። ስኮርታውንም አይርሱት።