ፔንቴን ስንት አይሶመር አለው? የሞለኪውል ሥዕል ሲያሳስት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የማስጠናቸው የ12ኛ ክፍልና የፍሬሽማን ተማሪዎች በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የሚቸገሩበት ነገር ዞሮ ዞሮ ከአንድ ምንጭ ይቀዳል፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሥዕል ራሱን ሞለኪውሉ ያደርጉታል።

ችግር፦ 5 ካርቦንና 12 ሃይድሮጅን ላለው ፔንቴን ተማሪው 5 ወይም 6 አይሶመር (የአተሞቹ ዓይነትና ቁጥር አንድ ሆኖ አያያዛቸው ወይም አቀማመጣቸው የሚለይ ሞለኪውል) ይሥላል፤ መልሱ ግን 3 ነው።

ምክንያት፦ አንዱኑ ሞለኪውል ገልብጦ ወይም አጥፎ ደግሞታል። አራት ካርቦን በአግድም ደርድሮ አምስተኛውን ከጫፉ ወደ ታች ሲያንጠለጥል ቅርንጫፍ ያወጣ ይመስለዋል፤ በጣት ቢከተሉት ግን አምስቱም ሳይቋረጡ ስለሚያያዙ ያው ቀጥ ያለው ፔንቴን ነው። አምስተኛውን ከግራ ሁለተኛው ላይ ቢሰቅለውም ከቀኝ ሁለተኛው ላይ ቢሰቅለው፣ ቁጥር የሚጀመረው ለቅርንጫፉ ከሚቀርበው ጫፍ በመሆኑ፣ ሁለቱም 2-ሜቲልቡቴን ናቸው።

መፍትሔ፦ ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ስሙን ይጻፍ፤ ስም ከተደገመ ሥዕሉ ተደግሟል። የሚተርፉት ፔንቴን፣ 2-ሜቲልቡቴንና 2፣2-ዳይሜቲልፕሮፔን ሲሆኑ፣ በቅደም ተከተል በ36፣ በ28 እና በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላሉ። ቅርንጫፍ በበዛ ቁጥር ሞለኪውሉ ድቡልቡል እየሆነ ከጎረቤቱ ጋር የሚነካካበት ገጽ ስለሚያንስ ቶሎ ይለያያል። (ቁጥሮቹ በባሕር ጠለል ግፊት የተለኩ ናቸው፤ እኛ ጋ ከፍታ ስለሆነ ውኃም 100 ሳይደርስ ይፈላል።)

ችግር፦ በዚግዛግ ሥዕል (ካርቦንና ሃይድሮጅን ሳይጻፉ በተጣጠፈ መስመር ብቻ በሚሣለው) ላይ ሃይድሮጅን ይጎድላል፤ ወይም ካርቦን አምስት ቦንድ (ከሌላ አተም ጋር የሚያያዝበት ማሰሪያ) ይይዛል። ምክንያቱ ጫፎቹንና ማጠፊያዎቹን እንደ ካርቦን አለመቁጠር ነው። በእያንዳንዳቸው ላይ ነጥብ አድርጎ የሚታዩትን ቦንዶች ከ4 መቀነስ ይበቃል፤ ቀሪው ሃይድሮጅን ነው።

ችግር፦ ድርብ ቦንዱ መሃል ላይ ያለው 2-ቡቲን ሲስና ትራንስ የሚባሉ ሁለት ቅርጾች የሚኖሩት፣ ድርብ ቦንዱ ጫፍ ላይ ያለው 1-ቡቲን ግን የማይኖሩት ለምን እንደሆነ አይገባም።

ምክንያት፦ ሰሌዳ ላይ ነጠላውም ድርቡም ቦንድ እኩል ግትር ይመስላሉ።

መፍትሔ፦ ለካርቦን ጥሬ ድንች፣ ለቦንድ ስቴኪኒ ይዘጋጅ፤ የበሰለ ድንች ይፈርሳል። ሁለት ድንች በአንድ ስቴኪኒ ሲያያዙ አንዱን ይዞ ሌላውን ማዞር ይቻላል፤ ጎን ለጎን በተሰኩ ሁለት ስቴኪኒዎች ሲያያዙ ግን ካልተሰበረ አይዞርም። አሁን በእያንዳንዱ ድንች ላይ ለሃይድሮጅን የራሰ ሽምብራ፣ ለሜቲል (ሦስት ሃይድሮጅን ለያዘው የጫፍ ካርቦን) ቁራጭ ካሮት ይሰካ። ካሮቶቹ በአንድ ወገን ከሆኑ ሲስ፣ በተቃራኒ ከሆኑ ትራንስ ነው። በ1-ቡቲን አንደኛው ድንች የሚይዘው ሁለት ሽምብራ ስለሆነ፣ ተማሪው ራሱ ነቅሎ ቦታቸውን ቢያለዋውጣቸው ከቀድሞው የሚለይ ነገር አያገኝም።