ቬንደር አይዲና ዲቫይስ አይዲ እንዳይቀያየሩ፦ በሊኑክስ ፒሲአይ ድራይቨር ውስጥ መለያን በታይፕ መጠበቅ

ማንኛውም የፒሲአይ (ካርዶችን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኝ መስመር) ካርድ ማንነቱን የሚናገረው በኮንፊገሬሽን ስፔሱ (ስለ ራሱ መረጃ በሚይዝበት ቦታ) የመጀመሪያ ባይቶች ነው። ባይት 0 ላይ ባለ 16 ቢት ቬንደር አይዲ (የአምራቹ መለያ)፣ ባይት 2 ላይ ባለ 16 ቢት ዲቫይስ አይዲ (የሞዴሉ መለያ)፣ ባይት 8 ላይ ሪቪዥን፣ ከባይት 9 እስከ 11 ደግሞ ባለ 24 ቢት ክላስ ኮድ (የካርዱ ዓይነት) ይቀመጣል። የኢንቴል ቬንደር አይዲ በሄክሳዴሲማል 8086 ነው፤ የአይ210 የኔትወርክ ካርዱ ዲቫይስ አይዲ 1533፣ የአይ211 ደግሞ 1539። ካልተገለጸ በስተቀር ከዚህ በታች ያሉት መለያዎች ሁሉ ሄክስ ናቸው።

ጣጣው በሲ ቋንቋ እነዚህ ሁሉ ተራ ኢንቲጀር መሆናቸው ነው። 1533ን በቬንደሩ ቦታ፣ 8086ን በዲቫይሱ ቦታ ብትጽፉ ኮምፓይለሩ ዝም ይላል። ሞጁሉ ይጫናል፣ ፕሮብ (ካርዱ ሲገኝ ከርነሉ የሚጠራው የድራይቨሩ ፋንክሽን) ግን አይጠራም፤ ሎጉ ላይ አንድ የስህተት መስመር እንኳ አይወጣም። ከዚህ የባሰው ድራይቨሩ የሚቀበላቸውን ካርዶች መለያ የሚዘረዝረውን ሠንጠረዥ ያለ ማክሮ (ዝግጁ አጭር ኮድ) በእጅ መሙላት ነው። ቬንደርና ዲቫይስን ብቻ ሞልታችሁ ሰብቬንደርና ሰብዲቫይስን (ሁለቱን ተጨማሪ መለያዎች) ከተዋችኋቸው ዜሮ ይሆናሉ። ዜሮ ማለት ደግሞ «የትኛውም» ማለት አይደለም፤ «ሰብቬንደሩ ዜሮ የሆነ ካርድ ብቻ» ማለት ነው። ቁጥሮቹ ትክክል ሆነው ሳለ ድራይቨሩ ካርዱን ያልፈዋል።

ራስት የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ከ6.1 ስሪት (2022) ጀምሮ ሊኑክስ ከርነል ውስጥ አለ። አዳዲሶቹ ከርነሎች ቬንደርንና ክላስን የየራሳቸው ታይፕ (የዳታ ዓይነት) አድርገው ያቀርባሉ፤ የእናንተ ከርነል ካለው የራሳችሁን አትጻፉ። ለቆየ ከርነል ወይም ለራሳችሁ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ግን አሠራሩ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ቬንደር የሚባል ስትራክት ፍጠሩ፤ ውስጡ አንድ ባለ 16 ቢት ቁጥር ብቻ ይኑረው፣ ፊልዱም ፕራይቬት ይሁን። ማወዳደርና ኮፒ ማድረግ ፍቀዱለት፤ መደመርና መቀነስ አያስፈልገውም። ከተራ ቁጥር በቀጥታ የሚቀይር ፍሮም ትሬት (የራስት የቅየራ ውል) በጭራሽ አትስጡት። ይህን በር አንዴ ከከፈታችሁ ሰው ሁሉ ኢንቱ የሚለውን ቅየራ እየጠራ የፈለገውን ቁጥር ያስገባል፣ ታይፑም ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ታዋቂዎቹን አምራቾች በሞጁሉ ውስጥ ኮንስታንት አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ጻፏቸው። ዲቫይስ አይዲን ለብቻው የሚንሳፈፍ ኮንስታንት ማድረግ ግን አይመከርም፤ 1533 ያለ 8086 ትርጉም የለውም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚይዝ ታይፕ ይሻላል።

ታይፕ የማይከላከለው አንድ ስህተት አለ፦ የሄክስ ምልክቱን መርሳት። ሄክሱ 8086 በዴሲማል 32902 ነው፤ ምልክቱን ረስታችሁ 8086 ብላችሁ ከጻፋችሁ ቁጥሩ ሌላ ሆኗል፣ ኮምፓይለሩም አያውቅባችሁም። ኮንስታንቱ አንድ ቦታ ብቻ ይጻፍ የምንለው ለዚህ ጭምር ነው። የዲበግ ህትመቱንም በአራት የሄክስ አሃዝ አድርጉት፤ ሎጉ 32902 ካለ ካርዶችን ከሚዘረዝረው የኤልኤስፒሲአይ ትእዛዝ ውጤት ጋር ማስተያየት ያደክማል።

ከሃርድዌር የተነበበ ቁጥር ወደ ቬንደር የሚቀየረው ኦፕሽን (እሴት ወይም «ምንም») በሚመልስ ፋንክሽን ይሁን። አራቱም አሃዝ ኤፍ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ ካርድ የለም፣ ወይም ሲሠራ ተነቅሏል፤ «ነን» (ምንም) መልሱ።

«የትኛውም» የሚለውን እሴት በ16 ቢቱ ውስጥ ለመደበቅ አትሞክሩ። የሊኑክስ ሠንጠረዥ ፊልዶች ባለ 32 ቢት ናቸው፣ «የትኛውም» የሚባለውም 32ቱም ቢት 1 ሲሆኑ ነው። አራት ኤፍ የያዘ ባለ 16 ቢት ቁጥር ወደ 32 ሲሰፋ የላይኞቹ ቢቶች ዜሮ ይሆናሉ፤ ያ ደግሞ «የትኛውም» አይደለም፣ ከማንም ጋር አይገጥምም። ኢነም (ከተዘረዘሩ ምርጫዎች አንዱን ብቻ የሚይዝ ታይፕ) ተጠቀሙ፦ አንዱ ቫሪያንት (ምርጫ) «የትኛውም»፣ ሌላው ቬንደር የያዘ። ወደ 32 ቢት የሚቀየረው ሠንጠረዡ ሲገነባ በአንድ ፋንክሽን ብቻ ይሁን።

ክላስ ኮድ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከባይት 8 ጀምራችሁ 32 ቢት ስታነቡ የታችኛው ባይት ሪቪዥን ነው። የኤንቪኤምኢ ዲስክ ሪቪዥኑ 01 ከሆነ የምታገኙት 01080201 ነው፤ 8 ቢት ወደ ቀኝ ስትገፉት 010802 ይቀራል፦ 01 ማከማቻ፣ 08 ኖን ቮላታይል ሜሞሪ፣ 02 ኤንቪኤም ኤክስፕረስ። መግፋቱን የረሳ ሰው ሪቪዥኑን ከክላሱ ጋር ያወዳድራል። መግፋቱ በክላስ ታይፑ ኮንስትራክተር ውስጥ ይሁን፣ ሌላ ቦታ አይደገም።

ማስኩንም (ከክላሱ የትኞቹ ቢቶች እንደሚወዳደሩ የሚወስነውን) ቁጥር ሳይሆን ኢነም አድርጉት፤ ሁለት ምርጫ ይበቃል፦ 24ቱም ቢት፣ ወይም የላይኞቹ 16 ብቻ። በሲ ክላሱን ጽፎ ማስኩን ዜሮ የተወ ሰው ማንኛውንም ክላስ ተቀብሏል፤ ቬንደሩና ሌሎቹም «የትኛውም» ከሆኑ ድራይቨሩ ማሽኑ ላይ ባለው ካርድ ሁሉ ይጠራል። በኢነሙ ውስጥ ዜሮ ስለሌለ ይህ ስህተት ሊጻፍ አይችልም።

ከመለያው ጋር የሚሄደው መረጃ በሲ ድራይቨር ዳታ የሚባል ቁጥር ነው፤ ብዙዎች የቦርድ ኢንዴክስ (የካርድ ሞዴል ተራ ቁጥር) ያደርጉታል። ኢንዴክሱ ከ0 ከጀመረ፣ አንድ ሰው በሲስኤፍኤስ ኒው አይዲ (ሲስተሙ እየሠራ መለያ በሚጨመርበት ፋይል) በኩል መለያ ሲጨምር ይህን ቁጥር ካልሰጠ ካርዱ ሳይጠየቅ ቦርድ 0 ይሆናል። ከ1 ጀምሩ፤ ከርነሉ በሠንጠረዡ ውስጥ የሌለ ድራይቨር ዳታን ስለማይቀበል ጥያቄው በስህተት ይመለሳል። በራስት ግን መረጃው አይዲ ኢንፎ የተባለ የራሱ ታይፕ ስላለው ፕሮብ ውስጥ ካስት ማድረግ (ታይፕን በግድ መቀየር) አይኖርም።

ለሙከራ እውነተኛ ካርድ አያስፈልግም። ኪውኢኤምዩን (ኮምፒውተርን በሶፍትዌር የሚያስመስለውን ፕሮግራም) ፒሲአይ ቴስትዴቭ የተባለውን የመሞከሪያ ካርድ ጨምራችሁ አስነሱ፤ መለያው ቬንደር 1ቢ36፣ ዲቫይስ 0005 ነው። ኤልኤስፒሲአይን በኬ ምርጫ ስታሄዱ የድራይቨራችሁ ስም ከካርዱ ሥር መውጣት አለበት። በእጅ ስትጭኑት የሚሠራ፣ ሲስተሙ ሲነሳ ግን በራሱ የማይጫን ከሆነ መለያዎቹን አትመርምሩ፤ ሞጁል ዲቫይስ ቴብል የሚለው መስመር ቀርቷል፣ ዴፕሞድም (የሞጁሎችን መለያ የሚመዘግበው መሣሪያ) ሠንጠረዡን አላየውም። በመጨረሻ ሁለቱን መለያዎች ሆን ብላችሁ ቀያይራችሁ ኮምፓይል አድርጉ። ካለፈ የሆነ ቦታ ፍሮም ትሬት ወይም ፐብሊክ የሆነ ፊልድ ቀርቷል።