ባህር ዳር ላይ የሰፈር ምግብ ቤት ስትመርጡ እነዚህን አታድርጉ

ፋሲካ አልፎ ሰርጉና ምርቃቱ ሲደራረብ "ባህር ዳር ገብቻለሁ፣ የት ልብላ?" ሚል መልእክት ስልኬን ይሞላዋል። መልሴ ሁሌ አንድ ነው፣ መጀመሪያ ምን እንዳማረህ ንገረኝ። እዚህ ከተማ ሰው ሚመላለስበት የሰፈር ቤት ሁሉ በአንድ ነገር ነው ሚታወቀው፣ አንዷ በአሳ፣ አንዷ በጥብስ፣ አንዷ በሽሮ፣ አንዷ ደግሞ ረቡዕና አርብ በምታወጣው በያይነቱ፤ ቤቱ ገብተህ ከተቀመጥክ በኋላ "እሽ ምን አላችሁ?" ካልክ ዘግይተሃል። ሰው ሲሳሳት ማያቸውን እንዲሁ እንደመጡልኝ ላስቀምጣቸው።

ሐይቁን እያዩ ምግቡን መርሳት

ጣና ዳር መቀመጥ ሚጠላ የለም፣ እኔም አልጠላም። ግን እዚያ ምትከፍለው ለሳህኑ ብቻ አይደለም፣ ለጥላውም ለነፋሱም ነው። ትልልቆቹ ቤቶች ደግሞ ሜኑ ላይ ሚጽፉት ዋጋ አንዳንዴ 15 ፐርሰንት ቫትና 10 ፐርሰንት ሰርቪስ ቻርጅ ያልገባበት ነው፣ 1000 ብር ብለህ ያዘዝከው ሂሳቡ ሲመጣ 1250 አልፎ ታገኘዋለህ፤ ከማዘዝህ በፊት አስተናጋጁን "ቫት ገብቶበታል?" ማለት ነውር የለውም። ቢራህን ወይ ቡናህን ሐይቁ ዳር ጠጣና ምሳህን ወደ ውስጥ ገባ ብለህ ሽምብጥ ወይ ድባንቄ ሰፈር፣ ወይ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ፔዳና ፖሊ ግቢ በር አካባቢ ብላ። የተማሪ ሰፈር ቤቶች ጥሩነታቸው ምግብ አያድርባቸውም፣ ተማሪው ጠራርጎ ነው ሚበላው፤ ግቢው ሲዘጋ ግን ያው ቤት ሌላ ቤት ይሆናል፣ ወጡ ድስት ውስጥ ሰው ሲጠብቅ ይውላል፣ ስለዚህ ክረምት ላይ "ባለፈው እንዲህ አልነበረም" ብለህ አትገረም።

የባጃጁን ልጅ "ጥሩ ቤት ውሰደኝ" ማለት

ሻንጣ ይዘህ እንዲህ ካልከው ወደሚያውቀው ሆቴል ነው ሚነዳው፣ አንዳንዱም ለሚያመጣው እንግዳ ኮሚሽን አለው፣ ልጁ ላይ አልፈርድም፣ ኑሮ ነው። ጥያቄውን ቀይረው፣ "ወንድሜ፣ አንተ ዛሬ ምሳ የት በላህ?" በለው። እሱ በራሱ ብር ሚበላበትን ቤት ነው ምትፈልገው።

ካላንደር ሳያዩ መውጣት

ይሄ ትልቁ ነው። ከደቡብም ይሁን ከውጭ ሀገር የመጣ እንግዳ አርብ ቀን "ጎጃም መጥቼ የጎጃም ቅቤ የገባበት ጥብስ ሳልበላ!" ብሎ ከተማውን ሲዞር ይውላል፣ የሰፈር ሥጋ ቤቱ ግን መዝጊያው ላይ ቁልፍ አንጠልጥሏል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ በነዚህ ጊዜ ሆቴል ውስጥ ሥጋ ብታገኝም ማን ቆርጦት መቼ እንደገባ አታውቅም፣ ፍሪጅ የከረመ ሊሆን ይችላል። ሌላው ሰው ማያስበው ደግሞ ግልባጩ ነው፦ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና አርብም አይጾምም፣ ስለዚህ "ረቡዕ ነው በያይነቱ እበላለሁ" ብለህ ምትወዳት ቤት ብትሄድ ሴትዮዋ ክክ እንኳን አልጣደችም። በያይነቱን ሁሉም ሲጾም ነው መብላት፣ ያኔ ሱፍ ፍትፍቱም ስልጆውም ተልባውም ጎመኑም በእለቱ የተሰራ ነው፤ ማክሰኞ ቀን "የጾም አለ?" ካልክ ግን ሽሮና የትናንት ምስር ነው ሚጠብቅህ። ሽሮ ካልኩ አይቀር ከምን እንደተፈጨ ጠይቁ፣ የሽምብራና የአተር ሽሮ አንድ ነገር ነው፣ ጓያ ሲገባበት ደግሞ ሌላ። አንድ ቀን ብትበላው ምንም አይልህም፣ ለወራት ጓያ ብቻ ሚበላ ሰው ግን እግሩ ሽባ እስከመሆን ሊደርስ ይችላል፣ ጎጃም ውስጥ ትልልቆቹ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። በየቀኑ አንድ ቤት ሽሮ ምትበላ ከሆነ ዋጋው ለምን ረከሰ ብለህ ጠይቅ።

አሳም ከጾም ጋር ይያያዛል። በጾም አሳ ይበላል አይበላም ሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፣ እያንዳንዱ ከንስሐ አባቱ ጋር ይጨርስ፤ ለገበያው ግን በጾም አሳ ፈላጊው ስለሚበዛ ቶሎ ቶሎ ይገባል ቶሎም ያልቃል። ዋናዎቹ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ አሳ ናቸው። ሙሉ ጥብስ ከፈለግክ ቆሮሶ፣ ጎላሽ ወይ ኮተሌት ከሆነ አምባዛው ሥጋው ስለሚሞላ ይሻላል፣ ነጭ አሳ ሚጣፍጥ ነው ግን እሾኩ ስለሚበዛ ከልጅ ጋር ከሆንክ ተወው። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው ማይበላ ሰው ብዙ ነው፣ እንግዳ ምትጋብዝ ከሆነ ሳትጠይቅ "ሁለት ጎላሽ!" ብለህ አትዘዝ፣ ሰውየው በይሉኝታ እንጀራውን ብቻ ሲቆርስ ታየዋለህ። ሙሉ ጥብስ ስታዝ ሳይጠበስ አምጥተው ያሳዩህ፣ አይኑ የጠራ መተንፈሻውም ቀይ ከሆነ እሺ በል፣ አይኑ ከደፈረሰ ሽሮ እዘዝ። ሚያሳይህ ቤት ሚኮራበት ነገር አለው፣ "ጓዳ አይገባም" ብሎ ሚቆጣ ቤት ላይ ደግሞ እኔ አልቀመጥም።

ከውጭ መጠጥ ይገባል ብሎ ዝም ብሎ መግባት

"ከውጭ መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው" ሚል ጽሑፍ ትልልቆቹ ቤቶች በር ላይ አለ፣ እሱ ግልጽ ነው፣ አትከራከር። ሰፈር ውስጥ ግን ምግብ ብቻ ሚሰሩ፣ ቢራ ማይሸጡ ጓዳ መሳይ ቤቶች ሞልተዋል፣ ከጎናቸው ካለው ግሮሰሪ ታስመጣለህ፣ ይሄ በጣም ደስ ሚል አሰራር ነው፣ ቢራው በግሮሰሪ ዋጋ፣ ምግቡ በቤት እጅ። ግን ስነ ስርዓት አለው። መጀመሪያ ባለቤቷን ጠይቅ፦

"እትዬ፣ ከግሮሰሪው ቢራ ባስመጣ ቅር ይልዎታል?"

"ኧረ ምን ቅር ይለኛል ልጄ፣ ልጁ ያመጣልሃል። ጠርሙሱን ብቻ እንዳትሰብርብኝ።"

ጠርሙሱ ቀልድ አይደለም። ግሮሰሪው ባዶ ጠርሙስ ካላመጣህ ማስያዣ ይቀበልሃል፣ ሴትዮዋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከራሷ ሳጥን ባዶ አውጥታ ነው ምትልክልህ፣ አንተ ግማሽ ቢራህን ይዘህ ባጃጅ ውስጥ ስትገባ እዳው እሷ ላይ ይቀራል። ለተላከው ልጅ ጉርሻ ስጥ። ወይን ወይ ውስኪ ይዘህ ከሆነ መክፈቻ ሚያስከፍሉ ቤቶች አሉ፣ ስንት እንደሆነ ጠርሙሱን ከመክፈትህ በፊት እወቅ፣ ከተከፈተ በኋላ ድርድር የለም። ምግብ ሳያዙ አራት ሰው ሆኖ ጠረጴዛ ይዞ የራሱን ቢራ ሚጠጣ ሰው ግን... ተውት እሱን።

አንድ ነገር በጣም ልብ በሉ፦ ሙስሊም ቤት መጠጥ ይዞ አይገባም፣ መጠየቅም አያስፈልግም። ፉል ወይ ሩዝ በሥጋ ፍለጋ እንደነዚህ ያሉ ጥሩ ጥሩ ቤቶች ትገባለህ፣ ሻይህን አዘህ ብላ። ደግሞ ጓደኛህ የክርስቲያን ሥጋ ወይ የእስላም ሥጋ ማይበላ ከሆነ ቤቱን ሳትመርጥ በፊት ነው ማወቅ ያለብህ፣ ሳህኑ ከቀረበ በኋላ ሁለታችሁም ታፍራላችሁ።

ሥጋው የት እንደሚቆረጥ ሳያዩ ኪሎ ማዘዝ

ሥጋ ቤትና ግሮሰሪ ጎን ለጎን ሆነው ሥጋውን ከዚህ ገዝተህ መጠጡን ከዚያ ምታዝባቸው ቦታዎች ለብዙ ሰው ምርጥ ናቸው። እዚያ ተቀምጠህ "ኪሎ ጥብስ" ብለህ በአስተናጋጅ አትላክ፣ ራስህ ተነስተህ ሂድ። የተሰቀለው ሥጋ ላይ የቄራ ማህተም ፈልግ፣ የትኛውን ብልት እንደምትፈልግ በጣትህ አሳይ፣ ሚዛኑን ተመልከት፣ ለመጥበሻ ስንት እንደሚያስከፍሉ ጠይቅ። ስቡንና አጥንቱን እንዴት እንደሚመዝኑልህም እዚያው ተነጋገር። ጥሬ ሥጋ ምትወድ ከሆነ መከልከል አልችልም፣ ግን ኮሶ ሚመጣው ከጥሬ ሥጋ ነው፣ አረቄና አዋዜ ትሉን አይገድለውም፣ በደንብ የበሰለ ሥጋ ግን አያስይዝም። ይህን ስናገር ሚስቁብኝ አሉ፣ ይሳቁ።

የሌላውን ሰፈር ምግብ በጎጃም ምላስ መመዘን

የጉራጌ ክትፎ ቤት ገብቶ "እንጀራ የለም እንዴ፣ ቆጮ አልፈልግም፣ በርበሬ ጨምሩበት" ሚል ሰው አይቻለሁ፣ እሱ ሰውዬ ቤቱ ቢቀር ይሻለው ነበር። ክትፎ ቤት ከሄድክ በቆጮ ብላው፣ አይብና ጎመኑን አስመጣ፣ ጥሬ፣ ለብለብ ወይ የበሰለ መሆኑን ግልጽ አድርገህ ተናገር፣ አለዚያ አስተናጋጁ የመሰለውን ያመጣልሃል። ጥሩ ቤት መሆኑን ምታውቀው በቅቤው ነው፣ ኮረሪማው ይሸታል፣ ቅቤው ጉሮሮ ላይ አይቆምም። ቆጮው ደርቆ እንደ ካርቶን ከሆነ ግን ቤቱ ክትፎ ሚሸጠው አልፎ አልፎ ነው ማለት ነው። የትግራይ ጥህሎም እንደዚሁ፣ የገብስ ዱቄቱ ተድቦልቡሎ በእንጨት ሹካ እየተወጋ ቀይ ወጥ ውስጥ እየተነከረ ነው ሚበላው፣ ለአንድ ሰው ሚታዘዝ ምግብ አይደለም፣ ሰው ሰብስበህ ሂድ። ሜኑው ላይ ክትፎም ጥህሎም ፒዛም በርገርም መንዲም ካለ ከሁሉም አንዱን እንኳን በደንብ አይሰሩትም፣ በዚህ ጉዳይ ሚያስተባብለኝ ቤት እስካሁን አልገጠመኝም።

ማርና ስኳርን አለመለየት

ጎጃም የማር አገር ነው፣ ለዚህ ነው ስኳር ጠጅ ሚያናድደኝ። ጠጅ ቤት ስትገባ ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይ ደረቅ ብለህ ነው ምታዘው፤ የመጀመሪያዋን ብርሌ ቀስ ብለህ ቅመሳት፣ የማሩ ሽታ አፍንጫህ ላይ ካልመጣና ምላስህ ላይ ደረቅ ጣፋጭነት ብቻ ከቀረ ሁለተኛ አትድገም። ብዙ ጠጅ ቤት ምግብ የለውም፣ ቆሎ ነው ያለው፣ ባዶ ሆድህን አትሂድ፣ ወይ ፈቃድ ጠይቀህ ጥብስህን ይዘህ ግባ። ጠላ ከሆነ ምትፈልገው በሩ ላይ እንጨት አናት ላይ የተደፋ ጣሳ ወይ ኩባያ ያለበትን ቤት ፈልግ፣ የዳጉሳ ጠላ ካገኘህ እድለኛ ነህ። የዳጉሳ አረቄውን ግን ጉዞ ካለብህ ተወው። ጠጅ በሃይላንድ አስሞልተህ ወደ አዲስ አበባ ምትወስድ ደግሞ ክዳኑን ጥርቅም አድርገህ አትዝጋው፣ ማብላላቱን አላቆመም፣ አባይ በረሃ ላይ ሙቀቱ ሲመጣ ይፈነዳና የመኪናው መቀመጫ ሳምንት ሙሉ ጠጅ ጠጅ ይሸታል።

ሰዓትና የሰው ብዛት

ምሳ ሰባት ሰዓት ከሆነ ሰው ሚበዛበት ነው፣ ስድስት ተኩል ላይ ከገባህ እንጀራው ትኩስ ነው፣ ወንበርም ታገኛለህ፣ ስምንት ካለፈ ደግሞ የቤቱ ዋና ምግብ አልቆ "ሽሮ አለ" ትባላለህ። ማታ ከሆነ ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሰራ ከመውጣትህ በፊት አጣራ፣ ሁኔታው ስለሚቀያየር ባለፈው ያወቅከው አይሰራም።

አስርና ከዚያ በላይ ሆነው ሚመጡ የምርቃት ቤተሰቦች ደግሞ ሳይደውሉ አይሂዱ። የሰፈር ቤት አንድ ምጣድ አንድ እሳት ነው ያለው። ጠዋት ደውሉ፣ ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ ስንቱ ጾመኛ እንደሆነ፣ መጠጥ ከውጭ ታመጡ እንደሆነ ንገሯቸው፣ ቀብድ ከጠየቁ በቴሌብር ላኩ፣ የመጣላችሁን መልእክት እስክትበሉ ድረስ አታጥፉት።