የካርቦሃይድሬት ቴስት ስትሰሩ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ላብ ውስጥ ተማሪ ሳግዝ በጣም የሚያናድደኝ ሰዓት አለመያዝ ነው፣ በተለይ ባርፎይድ በሚባለው የስኳር ቴስት ላይ። ይሄ ቴስት እኮ ግሉኮስን ከማልቶስና ከላክቶስ የሚለየው በፍጥነት ብቻ ነው፣ ሞኖሳካራይድ (እንደ ግሉኮስ ያለ ነጠላ ስኳር) ከሆነ ፈላ ውሃ ውስጥ በ2 ወይ 3 ደቂቃ ቀይ ዝቃጭ ያሳያል፣ ወሬ ይዟችሁ ቲዩቡ 10 ደቂቃ ከቆየ ግን ድርብ ስኳር የሆነው ማልቶሱም ቀይ ይሆንና በቃ ቴስቱ ምንም አልነገራችሁም ማለት ነው። ስልካችሁ ላይ ታይመር ሙሉ በናታችሁ። ፍሩክቶስን ከግሉኮስ የሚለየው ሴሊዋኖፍ ቴስትም ያው ነው፣ ፍሩክቶስ ቶሎ ይቀላል፣ ብዙ ካፈላችሁት ግሉኮስም ሮዝ ነገር ይሰጣል።

ሁለተኛው ስህተት ቤኔዲክት ላይ ነው፣ ሪዱሲንግ ስኳር (ለሌላ ነገር ኤሌክትሮን መስጠት የሚችል ስኳር) የሚፈትሸው ሰማያዊ ፈሳሽ ማለት ነው። የሻይ ስኳር (ሱክሮስ) አሟሙተው ከሱ ጋር ያፈላሉ፣ ሰማያዊው አልለወጥ ሲል "ስኳር የለውም" ብለው ይጽፋሉ! ሱክሮስ ሪዱሲንግ ስላልሆነ ነው እንጂ ስኳርማ ስኳር ነው። መጀመሪያ ትንሽ ዳይሉት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨምራችሁ አፍሉት፣ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ሆኖ ይሰበራል፣ ከዛ አረፋው እስኪቆም ሶዲየም ባይካርቦኔት ጨምሩበት። ይሄን የመጨረሻውን ነው ሁሉም የሚዘለው፣ ቤኔዲክት ደሞ ቤዝ ውስጥ ካልሆነ አይሰራም፣ ስለዚህ አሲዱ እዛው እያለ ብትጨምሩት ልፋታችሁ ሁሉ ገደል ገባ። አረንጓዴ ካያችሁም ኔጌቲቭ እንዳትሉት፣ ትንሽ ስኳር አለ ማለት ነው። ፍሩክቶስ ደሞ እንደ ግሉኮስ አልዲሃይድ ሳይሆን ኪቶን ነው ብላችሁ ኔጌቲቭ እንዳትገምቱ፣ ቤዙ ውስጥ ወደ ግሉኮስና ማኖስ ስለሚቀየር ፖዘቲቭ ነው።

ስታርች የሚፈትሸው አዮዲን ቀላል ይመስላል አይደል? የተቀቀለ ድንች ከነትኩሳቱ አምጥተው ጠብ ያደርጉበትና ቀለም የለም ይላሉ። አዮዲኑ የሚገባው አሚሎስ በሚባለው የስታርች ሰንሰለት ጥምዝ ውስጥ ነው፣ ሲሞቅ ጥምዙ ይላላና ቀለሙ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ጥቁር ሰማያዊው ይመለሳል። አቀዝቅዙት።

ካርቦሃይድሬት መኖሩን በጠቅላላው የሚፈትሸው ሞሊሽ ላይ ኮንሰንትሬትድ ሰልፈሪክ አሲዱን ቲዩቡን አጋድማችሁ በግድግዳው ቀስ አድርጋችሁ አውርዱት፣ አትነቅንቁት፣ ሐምራዊው ቀለበት የሚታየው ሁለቱ ፈሳሾች ሲነባበሩ ነው። ጓንትና መነጽርም አድርጉ፣ ይሄ አሲድ ቆዳ አይምርም።

ኦሳዞን (ስኳር ከፊኒልሃይድራዚን ጋር ሲሞቅ የሚሰጠው ክሪስታል) ሰርታችሁ ማይክሮስኮፕ ስር መርፌ መርፌ የመሰለ ክሪስታል ካያችሁ ደሞ ወዲያው ግሉኮስ ብላችሁ አትጻፉ፣ ፍሩክቶስም ያንኑ ክሪስታል ነው የሚሰጠው፣ ሪአክሽኑ ልዩነታቸው ያለበትን አንደኛና ሁለተኛ ካርቦን አንድ አይነት ያደርጋቸዋል። ያኔ ወደ ሴሊዋኖፍ ተመለሱ፣ ከነታይመሩ።