አዲስ ሞተር የገባለት ቶርኖ መልሶ ሲያቃጥል

ከአሮጌ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን) ላይ የተቃጠለ ሞተር አውርዶ ሌላ መስቀል የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ደንበኛው በወሩ ደውሎ «ያ ያመጣኸው ሞተር ደግሞ ሸተተኝ» ካለ ግን፣ የመጀመሪያውን የገደለው ነገር እዚያው ቆጣሪውና ማሽኑ መሃል ተቀምጧል ማለት ነው።

ፊውዝ ማየት፣ ብሎን ማጥበቅ፣ ማንድሪኖው (የሚቆረጠውን ብረት ይዞ የሚዞረው) በእጅ ሲዞር ነጻ መሆኑን ማረጋገጥ፤ እነዚህን ታውቋቸዋላችሁ ብዬ አልፋቸዋለሁ። ሽቦ የሚነካው ሥራ ሁሉ ዋናው ብሬከር ወርዶና ተቆልፎ ነው። «ማንም አይነካውም» አይሠራም፤ ሥራ የበዛበት ቤት ውስጥ አንዱ ብረት ሊበሳ መጥቶ ያነሳዋል።

ያጉረመርማል፣ አይነሳም፤ ማንድሪኖውን በእጅ ሲገፉለት ይነሳል

አንድ ፌዝ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ ከሚገቡት ሦስት የኃይል መስመሮች አንዱ፣ የለም። እኔ ጋ የሚመጡትን ሞተሮች በብዛት የሚበላው ይኸው ነው።

ስሪ ፌዝ ሞተር በሁለት ፌዝ ከቆመበት አይነሳም። እየዞረ ሳለ አንዱ ቢጠፋበት ግን አይቆምም፤ በቀሩት ሁለት መስመሮች ከመደበኛው 1.7 እጥፍ ገደማ አምፔር እየሳበ ይቀጥላል። ድምፁ ይወፍራል፣ ብረት ሲበላ ይደክማል፣ ከዚያ የኮይሉ ሽቦ ቫርኒሽ ይሸታል። ቶርኖ ላይ ነገሩ የሚከፋው ሠራተኛው ዘዴ ስለሚያገኝለት ነው፦ ማንድሪኖውን በእጁ ይገፋል፣ ሞተሩም በገፋበት አቅጣጫ ይነሳለታል። አንድ ጋራዥ ውስጥ «ይሄ ማሽን ጠዋት ጠዋት ብርድ ይይዘዋል፣ ትንሽ ማገዝ ነው» እያሉ አዲስ ገቢውን ልጅ ሲያስተምሩት ደረስኩ። ልጁ የሚገፋው የማንድሪኖውን ቁልፍ እንደተሰካ ይዞ ነው። ሞተሩ ቢነሳ ያ ቁልፍ የሚያርፈው ደረቱ ላይ ነበር።

የተቃጠለውን ሞተር ሳትጥሉ በፊት ክፈቱት። ሦስቱም ፌዝ እኩል ከጠቆሩ ጭነት በዝቶበታል፣ ወይም የቬንቲላተሩ መተንፈሻ በብረት ብናኝና በግራሶ ተደፍኗል። በስታር (የሦስቱ ኮይል አንድ አንድ ጫፍ በአንድ ነጥብ ተገናኝቶ) የታሰረ ሆኖ የሁለቱ ፌዝ ኮይል ከስሎ የሦስተኛው ንጹሕ ከሆነ፣ ወይም በዴልታ (ጫፍ ከጫፍ በሦስት ማዕዘን ተያይዞ) የታሰረ ሆኖ አንዱ ብቻ ነዶ ሁለቱ ከተረፉ፣ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ፤ ፌዝ ጠፍቶበት ነው። ጥቁሩና ንጹሑ እየተፈራረቁ ክቡን ስለሚዞሩት በዓይን ይለያል።

ይህን ሳሳያቸው የሚመጣው መልስ አንድ ነው፦ «ለክተነዋል፣ ሦስቱም አለ።» በምን ለካችሁት? በቴስተር ካቻቢቴ። ሞተሩ እንደተያያዘ ከሆነ በኮይሉ ዞሮ የሚመጣው ቮልቴጅ በጠፋው መስመር ላይም ያቺን መብራት ያበራታል። እየዞረ ባለ ሞተር ላይማ መልቲሜትሩም ወደ ሙሉ የተጠጋ ቁጥር ያሳያችኋል። በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ከቦ አምፔር በሚለካው) የእያንዳንዱን መስመር አምፔር ለኩ። አንዱ ዜሮ ከሆነ አለቀ። ከዚያ ኮንታክተሩ (በተን ሲጫኑት ኃይል ወደ ሞተሩ የሚያሳልፈው ማብሪያ) ተለቆ ሳለ መግቢያው ላይ ፌዝ ከፌዝ ለኩ፦ ሦስቱም ጥንድ 380 ወይም 400 አካባቢ ካሳዩ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከኮንታክተሩ ጀምሮ ወደ ሞተሩ ነው፤ ካላሳዩ ወደ ቆጣሪው ሂዱ።

ወደ ቆጣሪው በኩል የማገኘው ብዙ ጊዜ አልሙኒየምና መዳብ ተጠምዝዘው በአንድ ብሎን የተያዙበት ቦታ ነው። ይሞቃል፣ ይላላል፣ ይሞቃል። ወደ ሞተሩ በኩል ከሆነ ኮንታክተሩን ክፈቱ። አንድ የብረታ ብረት ቤት በላይ በላይ ሞተር ሲያቃጥል ከርሞ፣ ጥፋቱ የተገኘው መሃለኛው መስመር በሚገናኝበት ነጥብ ላይ ነው፦ የብር ፊቱ ተልጦ ሄዷል፣ የቀረው መዳብ አንዳንዴ ይነካል፣ አንዳንዴ አይነካም። ጠዋት በደህና ይሠራል፣ ከሰዓት ይከዳል። ካርቶኑ ላይ 40 አምፔር ይላል፤ ውስጡ ያለው ነጥብ ግን ለ40 ቀርቶ ለግማሹም የሚሆን አይደለም። ለሞተር ያን ያህል ብር አውጥቶ በኮንታክተር የሚቆጥብ ሰው አይገባኝም። ነጥቡን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው የሚመልሱትም አይገቡኝም፤ የተረፈውን የብር ፊት የሚጨርሱት እነሱ ናቸው።

ፌዝ ሲጠፋ ኮንታክተሩ ለምን አይለቅም? የራሱ ኮይል የሚመገበው ከአንድ ፌዝና ከኑል ወይም ከሁለት ፌዝ ስለሆነ፣ የጠፋው እሱ የማይነካው መስመር ከሆነ ምንም አያውቅም። ሊያድን የሚገባው ኦቨርሎዱ፣ ማለትም አምፔር ሲበዛ ኮንታክተሩን የሚያስለቅቀው መከላከያ፣ ነው፤ እሱንም ገድለውታል። የ4 ኪሎዋት ሞተር ሙሉ ጭነቱ 8.5 አምፔር አካባቢ ነው። ኦቨርሎዱን ስትከፍቱ 20 ላይ ተቀምጧል። «እየወረደ ስላስቸገረን ከፍ አደረግነው» ይሏችኋል። እየወረደ ያስቸገረው ፌዝ ሲጠፋ ነበር!

መፍትሄው፦ የላላውን መስመር በትክክለኛ ማያያዣ ማሰር፣ ኮንታክተሩን መቀየር፣ ኦቨርሎዱን ሞተሩ ሰሌዳ ላይ ባለው አምፔር ማስቀመጥ፣ ፌዝ መቆጣጠሪያ ሪሌ (ፌዝ ሲጠፋ የሚያቋርጥ) ጨምሮ ነጥቡን ከኮንታክተሩ ኮይል ጋር በተከታታይ ማሰር። ሪሌው የሚያየው መግቢያውን ብቻ ነው፤ የተበላ የኮንታክተር ነጥብ አይታየውም። «ሪሌ አለኝ» ብላችሁ ኦቨርሎዱን እንዳትተዉት። ስትጨርሱ ብሬከሩን አውርዳችሁ ከሪሌው በፊት አንዱን መስመር ንቀሉ፣ ጫፉን ሸፍኑ፣ አንሱና በተኑን ተጫኑ። ኮንታክተሩ ከያዘ ሥራው አላለቀም። በሦስቱም መስመር ሞክሩት።

ገና ሲነሳ ይጮሃል፣ በደቂቃ ውስጥ ይግላል፤ ወይም ዝም ብሎ ይዞራል ግን አቅም የለውም

ስታርና ዴልታ ተምታቷል። ሰሌዳው 230/400 የሚል ሞተር እኛ መስመር ላይ በስታር ይታሰራል፤ በዴልታ ካሰራችሁት ይነዳል። 400/690 የሚለው ደግሞ በዴልታ ነው፤ በስታር ከታሰረ ጉልበቱ ወደ ሢሶ ይወርድና ቢላው ብረቱን ሲነካ ይንበረከካል። አብዛኛውን ጊዜ እስከ 3 ኪሎዋት ያሉት የመጀመሪያው ዓይነት፣ ከ4 ጀምሮ ያሉት ሁለተኛው ናቸው፤ በግምት ግን አትሥሩ። አሮጌው እንዴት ታስሮ እንደነበር ፎቶ አንስቶ አዲሱን እንደዚያ ማሰር ዋናው የስህተት በር ነው። ሰሌዳውን አንብቡ። ሰሌዳው በቀለም ተሸፍኖ ከሆነ አትግዙት። መርካቶ ውስጥ አዲስ ቀለም የተቀባ ሁሉ አዲስ ሞተር አይደለም፤ አንዳንዱ በቀጭን ሽቦ የተጠቀለለ ነው።

ፍጥነቱ ተለወጠ

አሮጌው በደቂቃ 1440 ዙር ከሆነ አዲሱም ባለ 4 ፖል (ያንኑ ፍጥነት የሚሰጠው ዓይነት) ይሁን። ባለ 2800 ዙሩን ርካሽ አግኝቼ ብሎ የሚያመጣ አለ፤ ማንድሪኖው በእጥፍ ፍጥነት ይዞራል፣ አሮጌ የብረት ማንድሪኖ ደግሞ ከልኩ በላይ ሲዞር ይበተናል። በ60 ኸርዝ የተሠራ የአሜሪካ ሞተር እኛ ጋ በአምስት ስድስተኛው ፍጥነት ይዞራል።

የተቆረጠው ብረት ላይ ሞገድ ይወጣል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል

ፑሌጃው (ቺንጋው የሚያርፍበት ጎማ) ነው። የእንግሊዝ ማሽኖች የድሮ ሞተር ዘንግ በኢንች ነው፤ አንድ ኢንች ከአንድ ስምንተኛው 28.575 ሚሊሜትር ይሆናል። የዛሬው የ3 ኪሎዋት ዘንግ 28 ነው። በመሃል የሚቀረውን ከግማሽ ሚሊ በላይ ክፍተት በቆርቆሮ ጠቅልለው ይሞሉታል። ፑሌጃው ከመሃል ይወጣል፣ ኪዩ (ፑሌጃውን ከዘንጉ ጋር የሚቆልፈው ብረት) ይላላል፣ የፊት ኩሽኔታው ያልቃል። ቡሽ (ክፍተቱን በልኩ የሚሞላ የብረት ቀለበት) ይቆረጥለት። አሮጌው ሞተር አሁንም የሚያቃስት ከሆነ ሞተሩን ሳታወርዱት በፊት ቡሹን በራሱ ቶርኖ ላይ ቁረጡት፤ አለዚያ ጎረቤት ትለምናላችሁ። ፑሌጃውን በመዶሻ አትምቱ፤ ምቱ የሚያርፈው ኩሽኔታው ላይ ነው።

ቺንጋዎቹን አንድ ላይ ቀይሩ። አንድ አዲስና ሁለት አሮጌ ከሆኑ አዲሱ ብቻውን ይሸከማል።

በተቃራኒ ይዞራል

ሁለት ፌዝ አቀያይሩ። የመጀመሪያውን ሙከራ ግን ቺንጋው ወጥቶ አድርጉት። ማንድሪኖው በጥርስ የሚጠመዘዝ ዓይነት ከሆነ በተቃራኒ ሲነሳ ተፈትቶ ይወርዳል። የዘይት ፓምፑ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚገፋ ማሽንም አለ፤ ዘይት በመስታወቱ መውረዱን ሳታዩ ወደ ሥራ አትግቡ።

መብራት ሲመጣ ማሽኑ በራሱ ይነሳል

በሚዞር ማብሪያ ብቻ የሚሠሩ አሮጌዎቹ እንዲህ ናቸው። ሞተሩን ስትቀይሩ በተን ያለው ኮንታክተር አብሮ ይግባ። ይህን «በኋላ» ለሚል ደንበኛ ሞተር አልሰቅልም።

ግቢው ስሪ ፌዝ የለውም

ካፓሲተር ያለው የነጠላ ፌዝ ሞተር ቶርኖ አይወድም፤ በየደቂቃው መነሳትና መቆም መነሻ ካፓሲተሩን ይጨርሰዋል። 230/400 የሚል ሞተር በዴልታ አስራችሁ በኢንቨርተር (ከነጠላ ፌዝ ስሪ ፌዝ በሚያወጣው መሣሪያ) ማስነዳቱ ይሻላል። ማብሪያና ማጥፊያው ከኢንቨርተሩ መቆጣጠሪያ ይሁን፤ በኢንቨርተሩና በሞተሩ መሃል ኮንታክተር አታስገቡ።