ከመሸኛ እስከ መራጮች መዝገብ፦ በከተማው ዳርቻ ለሚኖሩ ሴቶች

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ ወይም በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አዲስ የገባች ሴት ለምርጫ መዘጋጀት ያለባት ቅስቀሳው ሲጀመር ሳይሆን ዕቃዋን ካራገፈችበት ሳምንት ጀምሮ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 መራጭ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው፣ በምርጫ ክልሉም ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ እንዲሆን ስለሚጠይቅ፣ የነዋሪነት ወረቀቷ ከዘገየ መብቷ በእጇ እያለ ቀኑ ሊያልፍባት ይችላል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ ይወሰዳል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ይገባል፤ መሸኛው በባል ስም ተጽፎ ሚስት «ከነቤተሰቡ» በምትል አንዲት ቃል ስትታለፍ አይቻለሁ። ወረቀቱን ከመስኮቱ ሳይርቁ ማንበብና የራስ ስም እስከ አያት ተሟልቶ እንዲጻፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ተከራይ የሆነች ሴት የኪራይ ውሏን ይዛ ወደ አዲሱ ወረዳ ትሂድ፤ መታወቂያውንም በራሷ ስም ታውጣ።

ይህ ሁሉ ምልልስ ለምን እንደሚያስፈልግ ለሚጠይቅ ጎረቤት ታሪኩን መንገር አይከብድም። የኢትዮጵያ ሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ያገኙት በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲሆን፣ ስዊዘርላንዳውያት በፌዴራል ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ የተፈቀደላቸው ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ነው። በዚያ ሕገ መንግሥት መሠረት በተካሄደው የመጀመሪያው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል። መብቱ ለሁሉም በአንድ ቀን ቢሰጥም ወንበሩ የተገኘው ግን ቀርባ ለመወዳደር በደፈረች ሴት ነው፤ የዛሬው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38ም ሁለቱን መብቶች አንድ ላይ ያስቀምጣቸዋል።

ምዝገባው ሲከፈት ራስ መመዝገብ ግድ ነው፤ ባልም ሆነ ወንድም ወክሎ አይመዘገብም። የመራጭነት ካርዱን ለብቻ ማስቀመጥ ይመከራል። በአዲስ አበባ በ2013ቱ ምርጫ መራጩ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለከተማው ምክር ቤት ሁለት የድምፅ መስጫ ወረቀት ስለተሰጠው፣ የሁለቱንም ዕጩዎች አስቀድሞ ማወቅና ዕጩዎቹ ሰፈር ሲመጡ ስለ ውኃ፣ ስለ ታክሲና ስለ ሕፃናት ማቆያ ፊት ለፊት መጠየቅ ተገቢ ነው።

የመራጮች መዝገብ ለሕዝብ ዕይታ ሲለጠፍ ደግሞ ሄዶ ስሙን ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል ማመሳከር፣ «ጸሐይ» «ፀሐይ» ተብሎ ቢገኝ እንኳ እዚያው ማሳሰብ ነው።