ማርሽ አልገባ ሲል፣ ፔዳል ሲሰምጥ፦ በዘይት የሚሠራ የጭነት መኪና ፍሪሲዮን ችግርና መፍትሔ

ከቢቸናና ከደጀን ዙሪያ ጤፍ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ዓባይን ከተሻገረ በኋላ መልሶ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። በዚህ መንገድ ማርሽ የሚቀየርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከፊት ያለው ተሳቢ ሲዘገይ ደግሞ ሹፌሩ ፔዳሉን በግማሽ ረግጦ ለመከተል ይገደዳል። ስለዚህ በሜዳ ተደብቆ የቆየ የፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚለያየው ክፍል) ችግር ብዙውን ጊዜ የሚወጣው እዚሁ የዓባይ በረሃ ውስጥ ነው። እኔም ከዓመታት በፊት ማርሽ አልገባ ያለኝን መኪና አንድ ጋራዥ ውስጥ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) አስወርጄ፣ አዲስ ዲስክ አስገጥሜ ከወጣሁ በኋላ በሁለተኛው ቀን ችግሩ ተመልሶ መጥቶብኛል። ጥፋቱ የታችኛው ፖምፓ (ከካምቢዮው አጠገብ ያለው፣ በዘይት ግፊት የሚሠራው ትንሽ ሲሊንደር) ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይት የሚያግደው ላስቲክ ነበር። ከዚያ ወዲህ የታችኛውን ፖምፓ ዘንግ ሳላይ ካምቢዮ እንዲወርድ ፈቅጄ አላውቅም።

መጀመሪያ ዘንጉን ማየት

ፔዳሉ ሲረገጥ የላይኛው ፖምፓ የፍሬን ዘይቱን በቱቦ ወደ ታችኛው ፖምፓ ይገፋል፤ የታችኛው ፖምፓ ዘንግ ማንሻውን፣ ማንሻው ኩሽኔታውን (ቤሪንጉን)፣ ኩሽኔታው ደግሞ የተጫኙን ሳህን ጣቶች ይገፋና ሳህኑ ዲስኩን ሲለቀው ዲስኩ ከቮላኖ (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ይላቀቃል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ከውጭ በዓይን የሚታየው ዋና ነገር የታችኛው ፖምፓ ዘንግ ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ጎማው በታኮ ታግዶና ሞተሩ ጠፍቶ ረዳቱ ፔዳሉን እስከ ወለል ይርገጥ፤ ሹፌሩ ከሥር ሆኖ ዘንጉ ምን ያህል እንደሚሄድ ይመልከት። በአየር የሚታገዝ ፍሪሲዮን ያላቸው ትላልቅ መኪኖች ላይ አየሩ አስቀድሞ መሞላት አለበት፤ አለበለዚያ ፔዳሉ ይከብዳል፣ ምርመራውም ያሳስታል። ትክክለኛው ልክ እንደ መኪናው ዓይነት ስለሚለያይ ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ወይም ደኅና ከሆነ ተመሳሳይ መኪና ጋር ማነጻጸር ይገባል። ዘንጉ ትንሽ ብቻ ከሄደ ጥፋቱ ከዘይቱ መስመር ነው። ሙሉ ልኩን ሄዶም ማርሽ አልገባ ካለ ጥፋቱ ከፍሪሲዮኑ ውስጥ ነው፤ ካምቢዮ ማውረድ ተገቢ የሚሆነው ያኔ ነው።

ፔዳሉ ልል ነው፤ ደጋግመው ሲረግጡት ይሻላል

ይህ ምልክት መስመሩ ውስጥ አየር እንዳለ ይናገራል። አየሩ ግን በራሱ አይመጣም፤ ዘይት በወጣበት ቀዳዳ ነው የሚገባው። በብዙ መኪኖች ዲስኩ እየሳሳ ሲሄድ የታችኛው ፖምፓ ፒስተን ወደ ኋላ ስለሚገፋ በጣሳው (በዘይት ማጠራቀሚያው) ያለው ዘይት ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም፤ ስለዚህ በእነዚህ መኪኖች የወረደ ዘይት መፍሰስን ያመለክታል። ከፔዳሉ በላይ የጋቢናው ግድግዳ ወይም ምንጣፉ ከረጠበ የላይኛው ፖምፓ ነው። የታችኛው ፖምፓ የአቧራ መከላከያ ላስቲክ ወደ ኋላ ሲገለጥ ጥቁር ዘይት ከፈሰሰ ደግሞ የታችኛው ነው። በሐምሌና በነሐሴ የመረሬው (የጥቁሩ አፈር) ጭቃ ላስቲኩ ላይ ተጋግሮ ሲደርቅ ይሰነጥቀዋል፤ ውኃው ይገባና የፖምፓውን ውስጥ ያዝገዋል፤ ዝገቱም አዲሱን ጎሚኒ ሳይቀር ይቆርጠዋል። የፖምፓው ውስጥ በጣት ሲዳሰስ ከሻከረ ጎሚኒ መቀየር ትርፉ ድካም ነውና ፖምፓው ሙሉውን መቀየር አለበት።

ጎሚኒ በናፍጣ ወይም በቤንዚን መታጠብ የለበትም፤ ላስቲኩ አብጦ ይበላሻል። የሚታጠበው በንጹሕ የፍሬን ዘይት ነው። የሞተር ዘይትም ለአንድ ቀን እንኳ ቢሆን ጣሳው ውስጥ አይጨመርም፤ ከላይ እስከ ታች ያለውን ጎሚኒ ሁሉ ያበላሻል። በጣሳው ክዳን ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ተብሎ የተጻፈው ይከበር።

አየር ማስወጣት

በታችኛው ፖምፓ የአየር ማውጫ ብሎን ላይ ውስጡን የሚያሳይ ቱቦ ይሰካል፤ የቱቦው ጫፍ ጥቂት ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይነከራል። ከሥር ያለው ሰው «እርገጥ» ይላል፤ ከላይ ያለው እስከ ወለል ይረግጣል። «ያዝ» ሲባል ይይዛል፤ ብሎኑ ይላላል፤ ዘይቱ ከአረፋ ጋር ይወጣል፤ ብሎኑ ይጠብቃል። «ልቀቅ» የሚባለው ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ ብቻ ነው፤ ቀድሞ ከተለቀቀ መስመሩ የወጣውን አየር መልሶ ይስባል። ረዳቱ አዲስ ከሆነ ብዙ ድካም የሚባክነው በዚህች ቅጽበት ነው። አረፋው እስኪያልቅ ድረስ ይደጋገማል፤ በመሐል ጣሳው እንዳይጎድል ማየት ግድ ነው። ቀለም ላይ የፈሰሰ የፍሬን ዘይት ቀለሙን ስለሚልጥ ወዲያው በውኃ ይታጠብ።

ፔዳሉ ተረግጦ ሲያዝ ቀስ ብሎ ይሰምጣል፤ የሚፈስ ነገር ግን የለም

የላይኛው ፖምፓ የውስጥ ጎሚኒ አልቋል። ዘይቱ ወደ ውጭ ሳይሆን በፒስተኑ ጎን ተመልሶ ወደ ጣሳው ያልፋል። በትራፊክ መብራት ላይ ማርሽ አስገብቶ ረግጦ የቆመ መኪና ወደፊት መንቀሳቀስ ከጀመረ አደገኛ ነው፤ ፖምፓው ሳይቀየር ጉዞ መቀጠል አይገባም።

ሲሞቅ ይለላል፤ ሲቀዘቅዝ ይድናል

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። የዶት 3 ዝቅተኛ የመፍያ ልክ ትኩስ ሲሆን 205፣ እርጥበት ሲስብ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ቱቦው በጭስ ማውጫው አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ ያረጀው ዘይት በዳገቱ ይፈላል፤ ተኑም ፔዳሉን ያለልለዋል። ደጀን ወይም ጎሐ ጽዮን ላይ ሲያርፍ ስለሚድን ሹፌሩ ይረሳዋል። መፍትሔው ዘይቱን ሙሉ በሙሉ መቀየር ነው፤ በየሁለት ዓመቱ መቀየሩ ይመከራል።

ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናው ግን አይጎትትም

ሸራው (የዲስኩ ልባስ) አልቋል፣ ዘይት ነክቶታል፣ ወይም የዘይት መስመሩ ግፊቱን አልለቅ ብሏል። የመጨረሻውን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ፤ ፔዳሉ ተለቆ ሳለ የአየር ማውጫው ብሎን ትንሽ ይላላ። ዘይቱ በግፊት ፈንጥቆ ከወጣና ፍሪሲዮኑ መልሶ መያዝ ከጀመረ፣ የላስቲክ ቱቦው ከውስጥ ተጣብቋል ወይም የላይኛው ፖምፓ መመለሻ ቀዳዳ ተዘግቷል። የፔዳሉ ዘንግ ጠብቆ ነፃ ጉዞ (መግፋት ከመጀመሩ በፊት ያለውን ትንሽ ልልነት) ካጣም ይኸው ይከሰታል።

ድምፅ

ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጮኸው ብዙውን ጊዜ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ሲለቀቅ ከጮኸና ሲረገጥ ከጠፋ የካምቢዮው የመግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ፣ ፔዳሉ ተረግጦ ጥቂት ሰከንድ ከተጠበቀ በኋላ የኋላ ማርሽ ይግባ፤ ሳይንኳኳ ከገባ ዲስኩ በደንብ ተላቋል። በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተር ሳይነሣ፣ የጣሳው ዘይት በምልክቱ ላይ መሆኑና የታችኛው ፖምፓ ላስቲክ ደረቅ መሆኑ ይታይ፤ ላስቲኩ ከረጠበ መኪናው ወደ ዓባይ በረሃ አይውረድ።